ተዋበች ዘሯን ያስቀመጠችበት ቤት

ሹፌር ብዙ ይሰማል፤ ያልተጠየቀውንም ያወራል። እኔ ጂንካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ፤ አብዱሰላም ብላችሁ ብትጠይቁ የማያውቀኝ ጋራዥ የለም። ከዚህ ውስጥ አሥራ አንዱን ዓመት የነዳሁት የፕሮጀክት መኪና ስለሆነ ገምጋሚ የሚባለውን ፍጥረት አሳምሬ አውቀዋለሁ። ገምጋሚ ማለት ሌላው አምስት ዓመት የለፋበትን በአምስት ቀን አይቶ፣ በስድስተኛው ቀን አውሮፕላን ላይ የሚወጣ ሰው ነው። ይህን የምለው ጠልቻቸው አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ጠልቻቸው ነው።

የማወራችሁ ግን ስለ ተዋበች ነው። ተዋበች ከገዘር ዝቅ ብሎ ባለ ቀበሌ የምትኖር የአሪ ገበሬ ናት። ከቤቷ ዙሪያ እንሰት፣ ጎደሬና ኮረሪማ አላት፤ ከታች ባለው ማሳዋ ማሽላ ትዘራለች። ዕድሜዋን ለሚጠይቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «ደርግ ሲወድቅ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ነበር» ትላለች፤ ሒሳቡ የጠያቂው ፈንታ ነው። ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ካልዘመረች በቀር ድምፅዋ ከፍ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ባሏ ሉቃስ በ2003 ነው የሞተው። እኔ ያወቅኋት ፕሮጀክቱ አሥራ ስምንት ሴቶችን በቡድን ሲያደራጅና ሴቶቹ እሷን የዘር ኃላፊ አድርገው ሲመርጧት ነው።

የፕሮጀክቱ ስም ረጅም ነው፤ የሰብል ብዝኃነት፣ የአየር ንብረት ለውጥን መቋቋም፣ ሌላም ሌላም። ሐሳቡ ግን ደግ ነው። ዝናብ ሲያጥር ቶሎ የሚደርሱትን፣ ወፍ የማይደፍራቸውን የድሮ የማሽላ ዘሮች ሴቶቹ እያባዙ እንዳይጠፉ እንዲያደርጉ ነው። ሴቶቹም ሦስት ዓመት አባዙ። ከአጨዳ በኋላ የተመረጠውን ዘር ለተዋበች ያስረክባሉ፣ ዝናብ ሲቃረብ ከእሷ ይወስዳሉ። አንድም ዓመት ጎድሎ አያውቅም። የት እንደምታስቀምጠው ግን ማንም ጠይቋት አያውቅም።

በ2015 የካቲት መጨረሻ ላይ ገምጋሚዋ ለሊሴ መጣች። ወጣት ናት፤ ታብሌቷን እንደ ሕፃን ታቅፋ ነው የምትሄደው። ክፉ ልጅ አይደለችም። ያየችውን ትጽፋለች፣ ያላየችውን አትጽፍም። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው።

ሴቶቹ በሙሉ ተዋበች ግቢ ተሰብስበው ነበር። ለሊሴ ስለ ምርቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሥልጠናው ጠይቃ ስትጨርስ «በሉ እናቴ፣ አሁን ዘሩን ያሳዩኝ» አለች።

«እዚህ የለም» አለች ተዋበች።

ለሊሴ ታብሌቷን አየች። «ቅጹ ላይ በቤት ይቀመጣል ነው የሚለው። ጣትዎንም አትመዋል።»

የቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ዮሴፍ ድንገት ስልኩን መነካካት ጀመረ። ነገሩ ገባኝ። ቅጹ ላይ ያለው ምርጫ ሦስት ነው፤ በቤት፣ በዘር ባንክ፣ ወይም ተሸጧል። ዮሴፍ ሳይጠይቃት የመጀመሪያው ላይ ምልክት አደረገ፤ እሷም ማንበብ አትችልምና አተመች።

«ታዲያ የት ነው ያለው?»

«አርቦሬ።»

በዚያ ዓመት አርቦሬ ማለት ዝናብ ከቀረ ሦስተኛ ዓመቱን የያዘ፣ ከብቱ ያለቀበት፣ ሰው የእርዳታ ስንዴ ይመጣል ብሎ መንገድ መንገድ የሚያይበት ቆላ ነበር። «ማን ጋ?» አለች ለሊሴ። «ሶርሳ ጋ። የሉቃስ ወዳጅ ነው» አለች ተዋበች።

ከሴቶቹ መካከል ሩቲ ብድግ አለች፤ ቤቷ ከተዋበች ቤት አጥር ለአጥር ነው። «የተራበ ሰው ጋ እህል አስቀመጥሽ? ተዋበች፣ ሸጠሽውም ከሆነ ሸጥኩት በይና ይውጣልን! በሁለት ሳምንት ዝናብ ይመጣል፤ ምን ልንዘራ ነው?» የቀሩት አሥራ ስድስቱ ፊታቸውን ከተዋበች አዞሩ።

«ዝናቡ ሲመጣ ሄጄ አመጣዋለሁ» አለች ተዋበች። «አሁን ግን መሄድ አይቻልም።»

«ለምን አይቻልም?» ለሊሴም ሩቲም እኩል ነው የጠየቋት። ተዋበች መሬት መሬት አየች። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ በልቤ ሸጣዋለች አልኩ።

ለሊሴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እናቴ፣ ዓርብ ሪፖርቴን አስገባለሁ። ካላየሁት የለም ብዬ ነው የምጽፈው» አለቻት። ተዋበች ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ «ነገ እንሂድ» አለች።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከገዘር አነሳኋት። ከፊት ከጎኔ ተቀመጠች፤ ለሊሴ ከኋላ። ጂንካን አልፈን ቀይ አፈር ከተማ ደረስን። ቁልቁለቱን ስንጀምር፣ ሙቀቱ በመስኮት መግባት ሲጀምር፣ ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ፣ ሶርሳ ወባ የጣላትን ሚስቱን ጂንካ አምጥቶ አሳክሞ መመለሻ አጣ። መንገዱ በተበተነ ወታደር ተሞልቶ መኪና የሚባል ቆሞ ነበር። ሉቃስ ኮረሪማ ሊሸጥ ገበያ ወርዶ ባልና ሚስቱን አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ኩርምት ብለው አገኛቸው። የጋራ ቋንቋቸው ከገበያ የለቀሟት አማርኛ ብቻ ነበረች። ቤቱ ወሰዳቸው፤ አርባ ቀን ተቀመጡ። ሶርሳ በዚያ ጊዜ የቤቱን ጣሪያ አሻቅቦ ሲያይ፣ የተሰቀለውን የማሽላ ዘር የደጋው እርጥበት ሻጋታ አልብሶታል። «እኛ ጋ አየሩ ደረቅ ነው። ለኔ ስጠኝ፣ ላስቀምጥልህ» አለው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የእነ ተዋበች ዘር ክረምትና በጋውን አርቦሬ ነው። ሉቃስ ሲሞት ሶርሳ ለቅሶ መጣና የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ «የስልቻው ቦታ ያው ነው።»

«ሕግ አለው» አለችኝ። «አስቀማጩ ቋጠሮውን አይፈታም፤ ቢራብም አይፈታም። ባለቤቱም ለመዝሪያ ካልሆነ አይመጣም። ዝናብ ሳይደርስ መጥቶ ዘሬን አሳየኝ ያለ ሰው፣ ሌባ ነህ እንዳለው ነው የሚቆጠረው።»

የተኛች የመሰለችን ለሊሴ ከኋላ «ታዲያ ይሄን ትናንት ለምን አልነገሩኝም?» አለች።

«ብነግርሽ ትተይው ነበር?»

ለሊሴ አሰበች። «አልተወውም ነበር» አለች። እውነቷን ስለሆነ አከበርኳት።

የወይጦ ወንዝ ከድልድዩ ሥር ቅጥን ብሎ ይፈሳል። ከዚያ ወደ ታች የሞቱ ከብቶች አጥንት በመንገዱ ግራና ቀኝ ነጭ ሆኖ ይታያል። ተዋበች አጥንቱን ባየች ቁጥር የነጠላዋን ጫፍ ትጨምቃለች። «ከበላው ምን እለዋለሁ አብዱ?» አለችኝ። «ልጆቹ ከሚሞቱበት ቢበላው ይሻላል። ግን ሩቲስ? ያን ሁሉ ሴት ምን እላለሁ?»

የሶርሳ ቤት ከመንገዱ ብዙ አይርቅም። የከብት በረቱ ባዶ ነው፤ አዛባው እንኳ ደርቆ ነፋስ ወስዶታል። ሚስቱ ጥላ ሥር ተቀምጣ ከጫካ የመጣ ቅጠል ትለቅማለች። የልጅ ድምፅ የለም። ሶርሳ ከቤቱ ጎንበስ ብሎ ወጣ፤ ረጅም፣ ጎድኑ የሚቆጠር ሽማግሌ ነው። ተዋበችን ሲያይ ፊቱ በራ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ደመና የለም። ለሊሴን አየ፣ ታብሌቱን አየ።

«ዝናብ ገና ነው» አለ።

«አዎ» አለች ተዋበች።

ሌላ ሰላምታ አልነበረም። እኔ መኪናው ውስጥ በቀረሁ ብዬ ተመኘሁ። ለሊሴ ራሷን አስተዋውቃ «አባቴ፣ የቡድኑን ዘር ለማየት ነው የመጣነው» አለችው። እሱ ግን ከተዋበች ላይ ዓይኑን አላነሳም።

«አንቺ ነሽ አሳይ ያልሽው?»

ለሊሴ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ተዋበች ቀደመቻት። «እኔ ነኝ ያመጣኋት» አለች።

ሶርሳ ተመልሶ ገባ። ቆየ። በጣም ቆየ። ሚስቱ ቅጠል መልቀሟን አቆመች። እሳቱ ላይ የተጣደውን ድስት ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ ውኃና ቅጠል እንጂ አንድ ፍሬ እህል የለበትም። ያኔ አለቀ፣ ተበልቷል አልኩ። ተዋበችም እንደኔ ሳትል አልቀረችም፤ ክርኔን ይዛ ነበር፣ ጥፍሯ ሲገባ ተሰማኝ።

ሶርሳ አንድ ስልቻ ይዞ ወጣ። አስቀመጠና ተመለሰ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። አራተኛ። ሦስቱ የቡድኑ ናቸው፣ አንዱ የራሷ የተዋበች። በጭስ ጠቁረዋል፤ አፋቸው የታሰረው ግን በእንሰት ቃጫ ነው፣ ራሷ በቋጠረችው። እንሰት ቆላ አይበቅልም። አንዴ የተፈታ ቢሆን መልሶ የሚያስርበት ቃጫ እዚያ አገር የለም።

ተዋበች ተንበርክካ አራቱንም ቋጠሮ በጣቷ ነካካች። ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ደስታ እንዳይመስላችሁ። አፍራ ነው፤ ያፈረ ሰው ለቅሶ ያስታውቃል። እኔም አፈርኩ፤ ሸጣዋለች ብዬ ነበራ።

ለሊሴ ሚዛኗን አውጥታ መዘነች። ፎቶ አነሳች። «ሙሉ ነው! አንድም አልጎደለም!» አለች፤ ከልቧ ደስ ብሏታል። የሰማት ሰው ግን አልነበረም።

«ልጆቹስ?» አለች ተዋበች።

«የእናታቸው ዘመዶች ጋ፣ ኮንሶ በኩል ናቸው። እዚያ ትንሽ ይበላል።»

«ለምን አልላክህብኝም?»

«ብልክ ትመጪያለሽ» አለ ሶርሳ። «ከመጣሽ ትፈቺዋለሽ። ከፈታሽው ምን ትዘሪያለሽ?»

ተዋበች የራሷን ስልቻ ጎትታ ቋጠሮውን ፈታች። ለሊሴ ደንግጣ «እናቴ፣ ይሄ እኮ ዘር ነው!» አለች። ተዋበች «የኔ ነው» አለቻትና ቁና በሚያህለው የሚስትየዋ ቅርጫት ላይ ገለበጠችው፤ ሞልቶ ሲፈስ ቁርበት አነጠፉለት። ዘሩን ከነቀዝ የጠበቀው አመድ ቦለል አለ። ሚስትየዋ ከላዩ አፍሳ በውኃ ማጠብ ጀመረች።

ልንሄድ ስንል ሶርሳ ሦስቱን ስልቻ ተሸክሞ መኪናው ላይ ጫነ። ባዶውንም አጣጥፎ ከላይ አስቀመጠው።

«ከአጨዳ በኋላ አመጣዋለሁ» አለች ተዋበች።

«ቤትሽ ይሁን።»

«ሶርሳ...»

«አልተጣላንም» አለ። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ ቢቆጣ በተሻለ ነበር። «ዘርሽን የሚቆጥርልሽ ሰው አግኝተሻል። እኔ መቁጠር አላውቅም።»

ወይጦን ተሻገርን። ከዚያ ለሊሴ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች። ተዋበች ዞር ሳትል «አንቺ ሥራሽን ነው የሠራሽው ልጄ። የዘሩ ባለቤት ግን እኔ ነኝ» አለቻት።

ሪፖርቱ ጥሩ ወጣ። ዘሩ መቶ በመቶ ተገኘ ተባለ። ወደፊት በተዋበች ቤት በፕላስቲክ በርሜል ይቀመጥ ተብሎ ምክረ ሐሳብ ተሰጠ፤ በርሜሉንም ያደረስኩት እኔው ነኝ። ዝናቡ ሲመጣ ሴቶቹ ዘሩ። የተዋበች ማሳ ባዶውን ሊቀር ሲል ሩቲ ከድርሻዋ በሣህን ይዛላት መጣች፣ ሌሎቹም ተከተሉ። በተከታዩ ዓመት በርሜሉ ሲከፈት ከዘሩ ሲሶው ሻግቶ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት አጨዳ ተዋበች ማንንም ሳታማክር በሚኒባስ፣ ከዚያም በጭነት መኪና አርቦሬ ወረደች። የራሷን አንድ ስልቻ፣ በቃጫ ቋጥራ። ሶርሳ ከብት ፍለጋ ሄዶ ቤት አላገኘችውም። ከሚስቱ ጋር ከኮንሶ ስለተመለሱት ልጆች ሲያወሩ ዋሉ። ስትነሳ ስልቻውን ደጃፉ ላይ ተወችው። አስቀምጡልኝ አላለችም።

ይህን ለለሊሴ በስልክ ነገርኳት፤ አሁንም አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች። «አብዱ፣ ሰቅሎላት ይሆን? አንተ በዚያ መንገድ ትመላለሳለህ፤ አይተህ ንገረኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ታውቁኛላችሁ፤ ሳላይ ያለፍኩት ነገር የለም።

በቀጠለው ጥር በዚያ ሳልፍ መኪናዬን አቆምኩ። ሶርሳ ደጅ ተቀምጦ ነበር። ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት፣ እሱም ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። በሩ ክፍት ነው፤ አንድ እርምጃ ብጠጋና አንገቴን ብሰግግ ጣሪያው ሥር የተሰቀለ ካለ ይታየኛል። ሳልጠጋ ተሰናብቼው ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ዝናቡ ገና አልመጣም ነበር።