የካሴት ማሽኑ በር

የኮምፒውተር ባለሙያው ቤቱን ቆልፎ ከወጣ በኋላ ከመንገድ ተመልሶ ሳይከፍተው ሥራ አይሄድም። ሚስቱ፣ «መዘጋቱን ለማረጋገጥ የሚከፍት ሰው ካንተ በቀር አላየሁም» ትለዋለች።

ሰሞኑን ጨጓራውን የላጠው ግን የመሥሪያ ቤቱ ማሽን ነው። የመረጃ መጠባበቂያ ካሴቶችን በብረት ክንዱ እያነሳ ይቀያይራል፤ የሚያዘው ደግሞ ባለሙያው የጻፈው ስክሪፕት የሚባል የትእዛዝ ዝርዝር ነው። እሱ በሌለበት ሰዓት «ካሴት የለም» ብሎ ይገተራል። እሱ አጠገቡ ቆሞ ሲያስነሳው ደግሞ እንከን አይወጣለትም። አለቃው መጥቶ «ይኸው ይሠራል አይደል እንዴ?» ሲለው ማሽኑን በጥፊ ማለት ያምረዋል።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ወለል የሚወለውሉት እናት ታዝበውት ኖሮ፣ «ልጄ፣ ሁሌ በሩን ከፍተህ ካሴቶቹን ካየህ በኋላ ነው የምታስነሳው። እስቲ አንዴ ሳትከፍት ሞክረው» አሉት።

በሩን ሳይከፍት አስነሳውና እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ጠበቀ። ማሽኑ «ካሴት የለም» አለ። ለካ አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር ካሴቶቹን ይረሳል፤ እንደገና የሚቆጥራቸው በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ ወይም ቁጠር ሲባል ነው። ስክሪፕቱ ደግሞ ቁጠር ብሎት አያውቅም። ያቺን አንዲት ትእዛዝ ጨመረና ጥርሱን ነክሶ፣ በሩን ሳይከፍት አስነሳው፤ ሠራ።

«ተገላገልክ በለኛ» አሉት።

«ተገላገልኩ እማማ፤ ለማንኛውም ግን ልየው» ብሎ በሩን ከፈተው።