ገብስማ ያመጣቻቸው ወፎች

እዚህ ጆርጂያ፣ ሚድታውን ውስጥ ውሻ አጥባለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ጥፍር እቆርጣለሁ። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት እዚሁ ያደገች የሐበሻ ልጅ፣ የቢሮ ባጇን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ጀርመን ሾርትሄር የሚባል የአደን ውሻ ይዛ መጣች። ቡናማ ጭንቅላት፣ ነጭና ቡናማ የተነሰነሰበት ገላ። ውሻዋ ገና ከመግባቷ መስኮቱ ጋ ደርቃ ቀረች። አንድ የፊት እግሯን አጥፋ፣ ጅራቷን አቅንታ፣ ትንፋሿን ውጣ። ውጭ አስፋልቱ ዳር አንዲት እርግብ ፍርፋሪ ትለቅማለች።

"ሁሌ እንዲህ ፍሪዝ ታደርጋለች። ቬት ጋ ልውሰዳት እንዴ?" አለችኝ ልጅቷ።

"አልታመመችም። ሥራዋን እየሠራች ነው" አልኳት።

ግራ መዳፌ ላይ፣ ከአውራ ጣቴ ሥር፣ የጥርስ ጠባሳ አለ። ውሻዋን አቅፌ ገንዳው ውስጥ ሳስገባት እርጥብ ጸጉሯ ሸተተኝ፤ ከዚያ የባሩድ ሽታ የመጣ መሰለኝ፤ ከዚያ የጥድ ሙጫ። የአሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ታከር ነበር። እናንተ ቅዳሜ ጠዋት የሲሪያል ሳህናችሁን አቅፋችሁ ካርቱን ስታዩ እኔ ሜዳ ላይ ቢላ ይዤ እሮጥ ነበር። እማዬ ቅዳሜና እሁድ የአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ሺፍት ስላላት አባዬ እኔን የሚተውበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ኮንየርስ መጋዘን ውስጥ አብሮት ወደሚሠራው ወደ ጋሽ ደምሴ ይዞኝ ይሄዳል። ጋሽ ደምሴ የድሮ ወታደር ነው። ከኮንየርስ ወዲያ ጥድና ረጅም ሣር የበቀለበት መሬት ነበረው፤ እዚያ ድርጭት ያድናል፣ ወፍ የሚጠቁሙ ውሾች ያረባል።

የጆርጂያ የድርጭት አደን ኅዳር ላይ ይከፈታል። ለእኛ ግን ኅዳር ጾም ነው። ፈረንጆቹ ሲተኩሱ እኛ ገናን እንጠብቃለን፤ ከገና እስከ ዐቢይ ጾም ቅበላ ያለችው ጥቂት ሳምንት ናት የእኛ አደን። ሌላም ጣጣ ነበረብን። በጥይት የሞተ ወፍ በክት ነው። ነፍሱ ሳይወጣ፣ በስመ አብ ተብሎ፣ በወንድ እጅ በቢላ ካልታረደ አባዬ አይነካውም። ጋሽ ደምሴም እንደዚያው። ስለዚህ ክንፍ ክንፉን ለመምታት ይሞክራሉ፤ ወፏ ስትወድቅ እኔ ቢላዬን ይዤ እፈተለካለሁ። ሴት ያረደችው ስለማይበላ ማረዱ አይፈቀድልኝም፤ የእኔ ሥራ ሳትሞት ማድረስ ነው። ትኩስ ናት፣ ልቧ መዳፌ ውስጥ እንደ ስልክ ይንቀጠቀጣል። አባዬ አንገቷን ወደ ኋላ ይስባል፣ ይቆርጣል፣ እስክትጨርስ ጫማው ሥር ይይዛታል። እጄ ሁሌ ደም ደም ይሸት ነበር። አስጠልቶኝ እንደሆነ አታስቡ። እወደው ነበር።

ሌላው ሐበሻ በኳስና በፖለቲካ ሲጣላ እነሱ የሚጣሉት በውሻ ዘር ነው። ሻምበል የሚባለው ውሻ እንግሊዝ ፖይንተር ነበር፤ ነጭ፣ ጅማት ብቻ። ተወንጭፎ ሜዳውን ያስሳል፣ ሽታ ሲያገኝ ግን ሐውልት ነው፤ ዝናብ ቢወርድበት አይነቃነቅም። ጉዱ ወፏ ከወደቀች በኋላ ነው። እኔ የድርሻዬን ጠቁሜያለሁ የሚል ይመስል ዞሮ ይሄዳል። እሾህ ውስጥ የምዳክረው እኔ ነኝ፤ ሳገኛት ግማሹን ጊዜ ሞታለች። እትዬ የምትባለዋ ደግሞ ዘሯ ሴተር ነው። የጆሮዋ ጸጉር ሹሩባ ሊሠራ ይችላል፤ ሩጫዋ ቀርፋፋ፣ ጸጉሯ የእሾህ መጋዘን። አፏ ግን ጥጥ ነው። ድርጭቷን እንደ እንቁላል ይዛ አምጥታ እጄ ላይ ታስቀምጣታለች፣ ወፏ ዓይኗን እያርገበገበች። "ይቺ ለኦርቶዶክስ የተፈጠረች ውሻ ናት" ይላል አባዬ። "ቀሚስ የለበሰ ውሻ አልወድም" ይላል ጋሽ ደምሴ።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ደምሴ ልክ ጆሮዋ አጠገብ ተኮሰ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ጠመንጃ ስታይ መንቀጥቀጥ ጀመረች። በሳምንቱ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ሮጣ ፒክአፑ ሥር ተወሸቀችና ሽንቷን ለቀቀች። ጋሽ ደምሴ በእግሯ ጎትቶ አወጣት።

"ይተዉአት፣ እኔ እወስዳታለሁ" አለ አባዬ።

"አፓርትመንትህ ውሻ አይፈቅድም፣ ታደሰ።"

እውነቱን ነው፣ አይፈቅድም። ጋሽ ደምሴ ከቆሻሻ ማቃጠያው በርሜል ጀርባ ይዟት ሄደ። አንድ ተኩስ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛ። እስከ ዛሬ የሚሰማኝ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው አልጨረሳትም ማለት ነዋ። ጋሽ ደምሴን አንቱ ማለት ያቆምኩት ያን ቀን ነው። አባዬ ተቆጣኝ፣ አንዴም በጥፊ አለኝ፤ በመጨረሻ ተወኝ።

በሚቀጥለው ዓመት በእትዬ ቦታ ገብስማ መጣች፤ ጀርመን ሾርትሄር፣ ቀለሟ እንደ ስሟ። ሁሉን ትችላለች፤ ትጠቁማለች፣ የቆሰለ ወፍ አሽትታ ትከተላለች፣ በረዶ የጋገረ ኩሬ ውስጥ ዘላ ትገባለች። እንደ እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አትችልም፤ መቼም የወደድኳት ለዚህ ነው። አንድ ችግር ነበረባት። ወፏ አፏ ውስጥ ስትንፈራገጥ መንጋጋዋ ይጠብቃል። ቀጭ ይላል፣ ደረቅ ፓስታ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት። ከዚያ በክት። በዚያ ወቅት ሁለቴ አድርጋዋለች።

የቅበላ ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ደምሴ ጥይት ኪሱ ውስጥ እየከተተ፣ "ሁለት ጊዜ ታግሻለሁ። ዛሬ አንድ በክት ብታመጣልኝ እትዬ ጎን ነው የምትተኛው። ሰማሽ፣ ማኪ? ለጓደኛሽ ንገሪያት" አለኝ።

"አንተው ንገራት።"

"የዚች ልጅ ምላስ ከውሻዬ ጥርስ ይብሳል" ብሎ ሳቀ። አባዬ አልሳቀም።

ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር። ሻምበል ጠቆመ፤ ገብስማ ከኋላው ቆመች። ድርጭቶቹ ጨርቅ እንደመቅደድ እየጮሁ ከእግራችን ሥር ፈነዱ። ጋሽ ደምሴ ተኮሰ፤ አንዷ ክንፏ ተሰብሮ እየተሽከረከረች ከእንጆሪው ቁጥቋጦ ማዶ ወረደች። ገብስማ ሄደች። እኔም ሄድኩ።

ያገኘኋት ቦይ ውስጥ ነው። ወፏ አፏ ውስጥ ትወራጫለች። "ልቀቂ" አልኳት፣ እየለመንኩ። ቀጭ አለ። ግራ እጄን አፏ ውስጥ ከተትኩ፤ ነከሰችኝ፤ ጥርሷ አጥንቴ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። አልጮህኩም፤ ብጮህ ቶሎ ይደርሳሉ። በቢላው እጀታ አፍንጫዋን መታኋት። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው አልቅሳ ለቀቀች። ወፏ ወደቀች። ደረቷ ድቅቅ ብሏል፣ አንገቷ እንደ ክር ይወዛወዛል፣ ዓይኗ ተከድኗል። ምንቃሯ ጋ ጉንጬን አስጠጋሁ። ምንም።

ከቁጥቋጦው ወዲያ የቦት ጫማ ኮቴ ይመጣል። ሴት ነኝ፣ ላርዳት አልችልም። ሞታለች፣ አባዬም አያርዳትም። አሥር ዓመቴ ነው፤ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። የቀኝ እጄን ጣቶች ከክንፎቿ ሥር ሰደድኩና ክንፏን ማርገብገብ ጀመርኩ። የግራ መዳፌ ደም ላባዋ ላይ ይንጠባጠባል።

አባዬ ቀድሞ ደረሰ። ወፏን አየ፣ እጄን አየ፣ የገብስማን የተፈነከተ አፍንጫ አየ። ጋሽ ደምሴ አሥር እርምጃ ያህል ኋላ ነበር፣ ጠመንጃው በእጁ።

"አለች?" ብሎ ጮኸ።

"አለች!" አልኩ። ጣቶቼ አላቆሙም።

አባዬ ማን እንዳረደው አላውቅም ብሎ እዚህ አገር አንድ በርገር ያልቀመሰ ሰው ነው። ልደቴን በፒዛ ያከበርነው በእሱ ምክንያት ነው፤ ያውም ያለ ሥጋ። ቢላውን ከእጄ ወሰደ። ከዚያ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አለና ቆረጠ። ጠቆር ያለ ደም ትንሽ ወጣ፤ የቀረው የእኔ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብሎ አየ። "ደሟ ጥሩ ነው።"

"ገና ነፍስ ነበራት" አለ አባዬ። ቢላውን ሣሩ ላይ ጠረገ። እኔን አላየኝም።

ጋሽ ደምሴ ገብስማን ጎድኗ ላይ በጫማው ገፋ አደረጋትና "ተማረች ማለት ነው" አለ። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ሰቀለ። ያኔ ቦዩ ውስጥ ቁጭ አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሃይዌዩ ላይ አባዬ ያናገረኝ አንዴ ብቻ ነው። "ለእናትሽ ሽቦ ነው የቆረጠኝ በያት።" ስድስት ስፌት ተሰፋሁ። በማግስቱ እማዬ ድርጭቶቹን በቁሌት ሠራቻቸው፤ ጋሽ ደምሴም ለቅበላ ቤታችን መጣ። አባዬ ባረከና የመጀመሪያውን ጎረሰ። ያኘከው ረጅም ጊዜ ነው። ዓይኔን ከጉሮሮው ላይ አላነሳሁም። ዋጠ። ከዚያ ትልቅ አድርጎ ጠቀለለና ለጋሽ ደምሴ አጎረሰው፤ ያቺኑ ደረቷ የደቀቀችውን።

ከዚያ ወዲህ ገብስማ ወፍ ይዛ በመጣች ቁጥር አባዬ ከሁላችንም ቀድሞ ይሮጥ ነበር፣ በዚያ በሚያመው ጉልበቱ። ቢላውን መያዝም እሱ ጀመረ። ገብስማ አርጅታ በእንቅልፏ ሞተች፤ ጋሽ ደምሴ ውሻ በማሠልጠን እንደ እኔ ያለ የለም እያለ እስኪሞት ሲያወራ ኖረ።

ባለፈው እሁድ ታከር ሄጄ የአባዬ ጉልበት ላይ በረዶ እያሰርኩ ጠየቅኩት። "ያቺ ወፍ ሞታ ነበር አይደል?"

"የቷ?"

"የቅበላዋ።"

ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኘው። "እኔ የቷን ለይቼ አውቃለሁ? ገብስማ ያመጣቻቸው ሁሉ እኮ ሞተው ነበር" አለኝ። መልሶ ድምፁን ከፈተው።

አሁን የማጥባቸው ውሾች በስማቸው ኬክ ይቆረስላቸዋል። የሚገድላቸው የለም። ጥሩ ነው፤ እትዬን አስቤ ነው ጥሩ ነው የምለው። ግን ለእነሱ ብሎ የሚሮጥም አይታየኝም፤ የሚሮጡበትም ሜዳ የለም።

ማክሰኞ ዕለት ውሻዋን አድርቄ ሳወርዳት ቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደች። እርግቧ እዚያው ነበረች። ውሻዋ እግሯን አጠፈች፣ ጅራቷን አቀናች። አውቶቡስ አለፈና እርግቧ ተነሥታ በረረች። ውሻዋ አልተከተለቻትም። አንገቷን አዙራ እኔን አየችኝ፣ ተኩሱን እየጠበቀች። እኔም ሳላስበው ቀኝ እጄ ወገቤ ላይ ቢላዬን ይፈልግ ነበር።