የማይቆመው ሽማግሌ

በመሥሪያ ቤቷ «ፈሪዋ» ነው የሚሏት። ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ የኢንተርኔት ጨዋታ ዓለም ላይ ስትሠራ አንዲት መስመር ኮድ ሦስት ጊዜ ሳታይ ለቃ አታውቅም። ያሾፉባታል እንጂ እንደ እሷ ያለ ፈሪ ሁለት ቢኖራቸው ስንት ጣጣ በቀረላቸው ነበር።

ሥራዋ መዘግየትን መቀነስ ነው። ከሩቅ የሚጫወት ሰው እርምጃው ሌላው ስክሪን ላይ ዘግይቶ ሲደርስ፣ አንዴ ቆም አንዴ ዘለል እያለ ይታያል። ለዚህ ያበጀችው መላ ግምት ነው፤ የእርምጃው መልእክት እስኪደርስ ድረስ ፕሮግራሙ ሰውየውን በያዘው መንገድ ያስኬደዋል። ግምቱ ግን ገደብ አለው። ያለ መልእክት ግማሽ ሰከንድ ካለፈ ሰውየው ይቆማል።

አባቷ ብቻቸውን ቤት ነው የሚውሉት። ቀኝ ጎናቸውን ካመማቸው ወዲህ ስልክ መነካካት አልሆነላቸውም። በግራ እጃቸው ግን በኮምፒውተር ጨዋታው ውስጥ ገብተው፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ሆነው ሐይቁን ሲዞሩ ይውላሉ። ጎረምሶቹ ጎራዴ ሲማዘዙ እሳቸው መሐል ገብተው ያልፋሉ፤ ማንንም ከቁብ አይቆጥሩም። ልጃቸው በስክሪኗ ጥግ እንደምታያቸው ስለሚያውቁ፣ ሐይቁ ላይ ያለው ድልድይ ጋ በደረሱ ቁጥር ከዘራቸውን አንስተው ሰላም ይሏታል። «ሳልሰናበትሽ ከቆምኩ ነይ» ብለዋታል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አለቃዋ ከጀርባዋ ቆሞ ስክሪኗን አየና፣ ሽማግሌው እንዲህ ሳይደናቀፍ ሲሄድ አይቼ አላውቅም ብሎ አመሰገናት። ደስ አላት። እሱ ከሄደ በኋላ ግን አንድ ነገር ከነከናት። ሽማግሌው ድልድዩን ከዘራውን ሳያነሳ አለፈ። ዞሮ መጣ፤ አሁንም ሳያነሳ አለፈ።

ከአባቷ ኮምፒውተር የመጨረሻው መልእክት መቼ እንደደረሰ ፈልጋ አየች። አርባ ሦስት ደቂቃ ሆኖታል። ጠዋት ለሙከራ ብላ ገደቡን ከራሷ ማሽን ላይ አንስታው ነበር፤ መመለሱን ረስታዋለች። ይህን ሁሉ ጊዜ አባቴ ብላ ስታይ የነበረው የራሷን ግምት ነው።

ቦርሳዋን እንኳ አላነሳችም። ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቀውም። ታክሲ ውስጥ ሾፌሩን ቶሎ በል እያለች ወተወተችው። በሩ ላይ ስትደርስ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ከፈተች።

አባቷ በወንበሩና በጠረጴዛው መካከል ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ሲወድቁ የነቀሉት የኢንተርኔት ገመድ እግራቸው ላይ ተጠምጥሟል። ዓይናቸው ተከፍቶ ጣሪያውን ያያል። ሞተዋል ብላ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

«ቆሜ ነበር እኮ» አሉ፣ በደከመ ድምፅ። «አይታኛለች፣ አሁን ትመጣለች እያልኩ ነበር።»

ጎናቸው ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች።

«አባዬ፣ እኔ ስክሪን ላይ እየሄዱ ነበር።»

ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር፤ ከስንት ወር በኋላ ዳነ። ዛሬ እንደገና ሐይቁን ይዞራሉ። ገደቡን ያኔውኑ መልሳዋለች፣ በየጠዋቱም ከፍታ ታየዋለች። ቢሆንም ሽማግሌው ወደ ድልድዩ ሲቃረብ ዓይኗን ከስክሪኗ ጥግ አትነቅልም። ከዘራው እስኪነሳ ድረስ እጇ ሥራ አይዝም።