የክሬኑ ሸክም

ሰውየውን ገበያ ውስጥ «ክሬኑ» ነው የሚሉት። ኩንታል ስኳር ትከሻው ላይ ጭኖ፣ ወሬውን እየሰለቀ ደረጃ የሚወጣ ሰው ሌላ ምን ሊባል ኖሯል? ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከጀመረ ገና ሦስት ወሩ ነው። ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ መዝሙሩንም ከሰው ግማሽ ቃል ዘግይቶ ይዘምራል፤ ማንም አይፈርድበትም።

አንድ እሁድ ታዲያ ወደ አንዲት ሩቅ ከተማ የሚደረገውን የወንጌል ጉዞ የሚያስተባብሩት ጡረተኛ አስተማሪ፣ ሁሉም «ቲቸር» የሚላቸው፣ መድረክ ላይ ወጡና «ለዚያች ከተማ ሸክም ያለው እጁን ያውጣ» አሉ። ሸክም ከተባለማ ከክሬኑ ወዲያ ማን አለ? እጁን ሰቀለ። «ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ሲል አጨበጨቡለትና ጥያቄውን ዋጠው።

እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ ሚኒባሱ ውስጥ ከቲቸር፣ ከአንድ ዘማሪ፣ ከአንዲት ነርስና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የተገኘው። ያረፉበት ቤት ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ምድር ቤቱ ለስብሰባ፣ ሦስተኛው ፎቅ ለመኝታ ተሰጣቸው። ክሬኑ ዓለሙን አየ። ሻንጣውንም ስድስቱንም ፍራሽ ብቻውን አወጣ። ዘማሪው «ኧረ እናግዝህ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ቢለው፣ «ለኔ ሸክሙም ጌጤ ነው፣ አንተ ዝም ብለህ ጸልይ» አለው። ያጣላቸው እንቅልፍ ብቻ ነው፤ ክሬኑ ያንኮራፋል፣ ዘማሪው ጎህ ሳይቀድ ድምፁን ያሟሻል። በማግስቱ ክሬኑ ፍራሹን ተሸክሞ ኮሪደር ላይ ወጣ፤ ታረቁ።

ጉድ የፈላው በዚያው ቀን ቁርስ ላይ ነው። ምድር ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሳለ ቲቸር ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «እስቲ ለዚህች ከተማ ሸክሙ እንዴት እንደመጣብን እንጨዋወት» አሉ። ዘማሪው ስለ ከተማዋ ሕዝብ ሁለት ዓመት በእንባ ሲጸልይ እንደኖረ ተናገረ። ነርሷ ደግሞ ሕልም አይታ ነበር። ክሬኑ የቆረሰውን ዳቦ መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረ። ለካ እነዚህ ሰዎች ሸክም የሚሉት ልብ ላይ የሚከብደውን ነው።

ነገ ጠዋት ሚኒባሱ እነሱን እዚሁ ትቶ ይመለሳል። እውነቱን ከተናገረ ይዞት እንደሚመለስ አልተጠራጠረም፤ መመለስ ደግሞ ጨርሶ አልፈለገም። በአርባ ዓመቱ «ወንድማችን፣ ወደዚህ ቅረብ» ተብሎ ማዕድ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነው። ገበያ ውስጥ «ና አንተ፣ አንሳ» ነው የሚባለው።

ተራው ደረሰ። ሕልም መፍጠር ምን ያቅታል ብሎ አሰበ፤ አፉ ግን እሺ አላለውም።

«ቲቸር፣ እኔ እንኳን... ሸክም ሲሉ ዕቃ መስሎኝ ነው እጄን ያወጣሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዘማሪው ሳቁን ሊያፍን ሲታገል ሻዩ በአፍንጫው ወጣ። ቲቸር ገና ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ በሩ ተንኳኳ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የምትኖር ተከራይ ናት።

«ትናንት ያን ሁሉ ፍራሽ የተሸከመው ሰውዬ እዚህ ነው?» አለች። «እናቴ እግራቸው እምቢ ካላቸው ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ከፎቅ ወርደው አያውቁም። ማታ መዝሙራችሁን ሰምተው አውርዱኝ እያሉ መድረሻ አሳጡኝ። እኔ ደግሞ አቅም የለኝ።»

ክሬኑ ማንንም አላስፈቀደም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘሎ ወጣና አሮጊቷን አዝሎ፣ ለወትሮው የሚሮጥበትን ደረጃ አንድ በአንድ እየረገጠ መውረድ ጀመረ። ሁሉም ከታች አንጋጠው ያያሉ።

«ልጄ፣ ከበድኩህ» አሉት እጃቸውን አንገቱ ላይ ጠምጥመው። «ሸክም ሆንኩብህ።»

«ኧረ እማማ፣ እኔም ሸክም አለኝ ብዬ አይደል የመጣሁት።»

ቲቸር መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ለአሮጊቷ ወንበር ሳቡላቸው፤ አጠገቡም ለክሬኑ ሌላ ወንበር ሳቡ።

በማግስቱ ሚኒባሱ ባዶውን ተመለሰ።