አክተሩ አይሞትም

ትናንት ምሳ ቤት በተሰቀለው ቴሌቪዥን አንድ ጀግና ከነጓደኞቹ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ አይቼ፣ መብላቴን ትቼ ቀና አልኩ።

ልጅ ሳለሁ፣ አሰብ፣ እንዲህ ያለ፣ ከአማልክት የተወለደ ጀግና ጀብዱ በየሐሙሱ የምናየው ጡረተኛው ሾፌር ጋሽ ተሰማ ቤት ነበር፤ አንቴናውን ወደ የመን አዙረን። ጀግናውን ዘንዶ ሲውጠው ዓይናችንን እንሸፍናለን። «አትፍሩ» ይሉናል፣ «አክተሩ አይሞትም፤ ሐሙስ ይመለሳል።» ይመለሳልም።

ታላቅ ወንድሜ ከበይሉል ዓሣ አጥማጆች ጋር ወጥቶ፣ ጀልባዋ ብቻዋን በተገኘች ሳምንት፣ ሐሙስን ጠብቄ ጋሽ ተሰማ ቤት ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ዛሬ ይመለሳል አይደል?»

ላባቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ልጄ፣ ከአክተሩ ጋር የሚሄዱት ሲሞቱ አላየሽም? እኛ ከእነሱ ወገን ነን።»

ትናንት ጀግናው ከባሕሩ ብቅ ሲል ምሳ ቤቱ አጨበጨበ። የእኔ ዓይን ግን አብረውት የወደቁትን ይፈልግ ነበር።