በንጉሡ ስም የቆሙት

ትእዛዙ የደረሰን ንጋት ላይ ነው። «አንድ ሻምበል ጦር ሸፍቷል፤ የደቻቱን ወንዝ እንዳይሻገር» ተባልን። ሠላሳ አንድ ሆነን ከከዚራ በኩል የወንዙን ዳር ያዝን። እነሱ ማዶ፣ መጋላ በኩል ናቸው። መካከላችን የግንቦት ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆቼ፣ ጦር ሜዳ ሲባል ሩቅ አገር አይምሰላችሁ፤ ሻይ የምንጠጣበት ሰፈር ነው የተዋጋነው። ማዶ ያሉትም ሁርሶ ማሠልጠኛ አብረውን የሠለጠኑ ልጆች ነበሩ። ሁላችንም ለአፄ ምሕረተ አብ ምለናል። የመጨረሻው ንጉሥ እሳቸው እንደሚሆኑ ያኔ ማን ያውቃል?

በአራት ሰዓት ተኩስ ተከፈተ። ወዲያው አንድ ሰው አሸዋው ላይ ወደቀብን። ዩሱፍ ሊያነሣው ወጣና ጭኑን ተመታ። ዩሱፍ የመጋላ ልጅ ነው፤ እናቱ እዚያው ሱቅ ነበራቸው፣ እኔንም እንደ ልጃቸው ነው የሚያበሉኝ። ደሙ ይፈስሳል። እስከ ቀትር እዚያ ከቆየ አለቀለት። ያን ቀን ለኔ ከንጉሡም ከመንግሥቱም ዩሱፍ ይበልጥብኝ ነበር፤ አላፍርበትም። ሁለቴ ልናወጣው ሞከርን። ሁለት ሰው ሞተብን።

በዚያ ዘመን ሰው መንገድ ላይ ሲደባደብ አንዱ «በንጉሡ አምላክ!» ካለ ሌላው እጁን ሰብስቦ ይቆማል። አልቆምም ያለ ዳኛ ፊት ይቀርባል። አሥር አለቃ ጣሰው፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጠው፣ «እስቲ የንጉሡን ስም ልጥራ» አለ።

«ጦርነት እኮ ነው፤ የገበያ ጠብ መሰለህ?» አልኩት።

አልሰማኝም። ብድግ ብሎ ጮኸ፦ «በምሕረተ አብ አምላክ! ቁሙ!»

ተኩሱ ቆመ። በነሱም፣ በኛም። ማዶ ስምንት ሰዎች ከምሽጋቸው ወጥተው አፈሙዝ ወደ መሬት አድርገው ቆሙ። አንዱ «ቁስለኛችሁን አንሡ» አለን። እኔና ጣሰው ሮጥን። ዩሱፍ «ወሪያ፣ ቀስ በሉ፣ እግሬን!» ይለናል። አወጣነው።

ምሽጋችን እንደገባን አዛዣችን መቶ አለቃው «ተኩስ!» አለ። ስምንቱ እንደቆሙ ናቸው።

ጣሰው «ጌታዬ፣ በንጉሡ ስም ነው የቆሙት» አለው።

«ተኩስ ብያለሁ!»

ተኮስን። ዛሬ አልተኮስኩም ብል የሚመሰክርብኝ የለም። ግን ተኩሻለሁ።

ማምሻውን ሬሳ ሰበሰብን። ከኛ አራት፣ ከነሱ አሥራ አንድ። ከአሥራ አንዱ ስምንቱ ቆመው የሞቱት ናቸው። ጣሰው አራተኛችን ነበር፤ ስምንቱ ከወደቁ በኋላ ከምሽጉ ወጥቶ እንደነሱ ቆመ፣ ማዶ የቀሩትም መቱት።

ዩሱፍ ዳነ። ዛሬም እግሩን እየጎተተ በእናቱ ሱቅ ይሠራል። ጨዋታ ይወዳል፤ የዚያን ቀን ነገር ያነሣው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ወላሂ፣ በኔ እግር ነው ያለቁት» አለኝ።

«በኔ ጣት ነው» አልኩት።

ንጉሡ ዙፋኑን መልቀቃቸውን ሬዲዮ የተናገረው ከወራት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ ውጊያው በሆነ በሳምንቱ፣ መጋላ ገበያ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ ደረስኩ። የወደቀው «በምሕረተ አብ አምላክ!» እያለ ይለምናል። ሌላው እየሰማ መደብደቡን አላቆመም። እኔ የንጉሡን የደንብ ልብስ እንደለበስኩ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ሰዉ «ወታደር፣ ገላግል እንጂ!» አለኝ። በማን ስም ልገላግል? አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።