የምድጃውን መስኮት የቀባው ሃምሳ አለቃ

ሰሞኑን ትልቅ ሰው ይመጣል ተብሎ ሜጋ ከተማ ቀለም ቀለም ይሸታል። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ኖራ ተለቅልቋል፤ የግራሩ ግንድ እስከ ወገቡ ነጭ ሆኗል፤ የፍየል በረት አጥር ሳይቀር አረንጓዴ ተቀብቷል። ፍየሎቹ እየላሱት ሲያስነጥሱ ሰዉ ይስቃል። እኔ ግን የዘይት ቀለም ሲሸተኝ ሃምሳ አለቃ ግዛው ትዝ ይለኛል። ያኔ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ ለዚያ ሰው የምሰጠው አንቱታ የለኝም።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ነገሌ ቦረና፣ ጦር ሰፈሩ ውስጥ፣ የወታደር ቤተሰቦች በሚኖሩባቸው የቆርቆሮ ቤቶች ነበር። አባቴ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ ግዛው ደግሞ የዳቦ ቤቱ ኃላፊ። ኃላፊ ይባል እንጂ ሊጥ ሲነካ አላየሁትም። ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ ፊሽካውን በአረንጓዴ ገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ቆዳ የተለበጠች አጭር ዱላውን በብብቱ ሸጉጦ ይመጣል። በሩ ላይ ሲደርስ ፊሽካውን ይነፋል። አራት ሰው በማይሞላበት ክፍል ውስጥ፣ ፊሽካ። ሊጥ ያቦኩ የነበሩት ወታደሮች እጃቸው ሊጥ እንደሆነ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እሱም ሊጡን፣ ዱቄቱን፣ ሰዎቹን በዱላው ጫፍ ነካ ነካ እያደረገ ያልፍና ጥላው ሥር ወንበር አስወጥቶ ራዲዮውን ይከፍታል። የቀኑ ሥራ በዚህ አለቀ።

ምድጃው በናፍጣ የሚሠራ ነበር። በጎኑ የገባ ወፍራም የብረት ቱቦ ናፍጣውን እንደ ጉም ይተፋል፤ በኤሌክትሪክ የሚዞር ማራገቢያ ነፋስ ይሰጠዋል፤ እያጓራ ይነዳል። ከቱቦው ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የመስታወት መስኮት ነበረች፤ በመስኮቷ ላይ ደግሞ ከረጅም ሽቦ ጋር የተያያዘች ትንሽ ነገር ትሰካለች። ዓይን ይሏታል። እሳቱን እያየች እስካለች ናፍጣው ይፈሳል። እሳቱ ሲጠፋ እሷም ብርሃን ታጣለች፤ ናፍጣውም ወዲያው ይዘጋል። ምድጃውን የተከለው ፈረንጅ በአስተርጓሚ፣ «ዓይኗንና መስኮቷን በየጠዋቱ በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፤ ሌላ ምንም አታድርጉ» ብሎ ነበር የሄደው። የነገሌ ቀይ አቧራ የማይገባበት ስለሌለ አባቴ ጠዋት ጠዋት ይጠርጋት ነበር።

እንግዳ ሲመጣ ግን ተራው የግዛው ነው። ዓይኗን ከመስኮቷ መዘዝ ያደርግና በመዳፉ ይጨብጣታል። ምድጃው ጭጭ ይላል።

«አያችሁ? እኔ ካልፈቀድኩለት አይነድም» ይላል።

የመኮንኖቹ ሚስቶች ያጨበጭባሉ። በሰፈሩ ውስጥ ይህን ትርዒት ያላየ አልነበረም። ሰውየው ከዚያ ምድጃ የሚያውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ይህ ደግሞ ከበቂ በላይ ነበር።

የሃጋያ ዝናብ ሊጥል ደመናው ባረገዘበት ሰሞን ጄኔራል ይመጣል ተባለ። ድንጋዩ ተቀባ፤ ዛፉ ተቀባ። ግዛውም ምድጃውን ብርማ ቀለም አስቀባ። ወታደሮቹ የቀቡት አልጥም ብሎት ብሩሹን ነጠቀና ቱቦውን፣ ብሎኖቹን፣ ሽቦውን ራሱ ቀባ። ለጄኔራሉ ትርዒቱን ሊያሳይ አስቦ ኖሮ፣ ዓይኗ ስትመዘዝ ከሥሯ የሚታየውም እንዲያብረቀርቅ ፈለገ። መዘዛትና መስኮቷ ላይ ብሩሹን አሳረፈ።

«ጌታዬ፣ መስታወቱንም?» አለ አባቴ።

«ታዲያ እሱ ብቻ ቆሽሾ ይቅር?»

«በምን ታያለች ብዬ ነው።»

«አንተ ሊጥህን እይ።»

በማግስቱ ጠዋት የአባቴን ቁርስ ይዤ ስሄድ ምድጃው እምቢ ብሎ ደረስኩ። ይነሳል፣ ያጓራል፣ ትንሽ ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ይጠፋል። ደግመው ያነሱታል፤ ደግሞ ይጠፋል። የጄኔራሉ ዳቦ ሊጡ ተነፍቶ ከጣውላው ላይ እየፈሰሰ ነበር። በጓሮ በር በኩል ሃዳ ጉዮ፣ ወተት የምታመጣልን የቦረና ሴት፣ የወተት ጮጮዋን ታቅፋ ቆማለች።

«ናጋ ነው ሃምሳ አለቃ?» አለችው። «ዛሬ ምድጃው ፊሽካህን አልሰማም እንዴ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሥራ ላይ ነን።»

«እኔማ ምን አልኩ። ግን በዋቃ፣ እኔ የላሜን ዓይን በጭቃ መርጌ የውሃ ጉድጓዱን ፈልጊ አልላትም።»

ወታደሮቹ አፋቸውን በክንዳቸው ሸፍነው ሳቁ። ቤታችንን ያፈረሰው ያ ሳቅ ይመስለኛል። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ ናፍጣ የነካ ጨርቅ ቢያሳርፍበት በአንድ ጊዜ ይለቅ ነበር። ግን ቀለሙን ማስለቀቅ ማለት ወተት ሻጯ ልክ ነች ማለት ነው። ግዛው ሴትዮዋን አባረራት። ወታደሮቹን ልብሳችሁን ቀይሩ፣ ለሰልፍ ውጡ ብሎ አስወጣቸው። እኔ ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ሻዩን ይዤ ስለቆምኩ አላየኝም፤ ቢያየኝም ግድ አይሰጠውም ነበር።

ምድጃውን አስነሳና ገና እያጓራ ሳለ ዓይኗን መዘዛት። ከሊጡ ጠረጴዛ በላይ በርቶ ከተንጠለጠለው አምፖል ጋር አፍ ለአፍ አድርጎ በሲባጎ አሰራት። ምድጃው ቀጥ ብሎ ነደደ። አምፖሉ እስከበራ ድረስ፣ እሳት ኖረም አልኖረም፣ ለዓይኗ እሳት አለ።

«ዳቦው ሲያልቅ ወደ ቦታዋ ትመልሳታለህ» አለ።

«እሺ ጌታዬ» አለ አባቴ። ምን ይበል።

ግዛው ሄደ። ሁለት ዙር ዳቦ ወጣ። በሦስተኛው እሳቱ ጠፋ። መጥፋቱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ናፍጣው ውሃ ሲቀላቀልበት ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ዓይኗ ትዘጋዋለች፤ አባቴ እንደገና ይለኩሳል። ያን ቀን ግን የሚዘጋ የለም። ማጓራቱ ቆሞ ማፏጨት ብቻ ቀረ፤ ናፍጣው በጋለው ጡብ ላይ ይረጫል። ከብረት በሩ ዙሪያ ነጭ ጭስ ወጣ። አባቴ ትከሻዬን ይዞ ወደ ውጭ ገፈተረኝና የናፍጣውን ቧንቧ ሊዘጋ ተመልሶ ሮጠ። ደፍ ላይ እያለሁ የምድጃው በር ተነቅሎ በጎኔ አለፈ።

አባቴ ሁለት እጁንና ፊቱን ተቃጠለ። ጭንቅላቱም ከግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ያ ጠዋት ከአእምሮው ጠፋ። ዛሬም ድረስ ምንም አያስታውስም።

መርማሪዎቹ ሲመጡ ዓይኗ በቦታዋ ነበረች፤ መስኮቷም ጠርታ ትታያለች። ማን እንደጠረጋት አላየሁም፤ ማን እንደሆነ ግን አይጠፋኝም። ግዛው ኮፍያውን በብብቱ ይዞ፣ «ሁላችሁም አይታችኋል። ይህች እሳት ካላየች ናፍጣ አትለቅም። ስለዚህ ሰው ነክቷታል። እዚያ የነበረው ማን ነው?» አለ። ሁሉም በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉም አጨብጭቦ የለም? እናቴ እኔ ያየሁትን ነገረቻቸው። መርማሪው ሻምበል፣ «ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነው?» ብሎ ጠየቃትና መልሷን ሳትጨርስ ብዕሩን ከደነ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

አባቴ በቸልተኝነት ተሰናበተ፤ ቤቱንም ልቀቁ ተባልን። ከመውጣታችን በፊት ግዛው ሐኪም ቤት መጣ፤ የጣሳ አናናስ ይዞ። የተጠቀለለውን እጅ በዱላው ጫፍ መታ መታ አድርጎ፣ «አይዞህ፣ ሰው ነህ፣ ትሳሳታለህ» አለው። ጣሳው ሲከፈት እሱም በላ። ሽሮፑን ጠጣ። አባቴ ከአደጋው በኋላ መጀመሪያ የሚያስታውሰው ይህንን ነው።

ግዛው ማዕረግ ጨምሮ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ አሉ፤ በኋላ ደግሞ ሞተ አሉ። እንባ አላባከንኩም።

አባቴ አሁን እዚህ ሜጋ፣ የጭነት ሾፌሮች በሚያርፉበት የእናቴ ሻይ ቤት ደጃፍ ይቀመጣል። እጁን አይተው ሲጠይቁት፣ «በራሴ ጥፋት ነው። ቸኩዬ የምድጃ ዓይን ነቀልኩ» ይላቸዋል። እንግዳ ፊት መናገር ስለሚከብደኝ ሾፌሮቹ እስኪሄዱ እጠብቃለሁ።

«አባባ፣ አንተ አልነካሃትም። ቆሜ አይቻለሁ። እሱ ነው።»

«ልጅ ነበርሽ እኮ» ይለኛል፣ ሳይቆጣ። «ደግሞ ጥፋቱ የሱ ቢሆን አናናስ ይዞ ይመጣ ነበር? እግዜር ነፍሱን ይማር።»

ከዚያ ሻይ አቀርብለታለሁ። ብርጭቆውን በሁለት መዳፉ መሃል አጣብቆ ያነሳል፤ ጣቶቹ አይታጠፉም። ጠጥቶ እስኪያስቀምጥ ድረስ አጠገቡ እቆማለሁ።